ለፍጥነት ካሜራ ተቋራጭ የሚከፈለው በምን ይለካ?

ለአዲስ አበባ ከተማ ትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን የበላይ አመራር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት መካከል አብዛኞቹ እግረኞች እንደመሆናቸው፣ የፍጥነት ወሰንን ማስከበር ከባለሥልጣኑ ተግባራት ግንባር ቀደሙ መሆኑ አያከራክርም፤ አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ ግጭት 4 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ራዳር የያዘ ትራፊክ ፖሊስ መቆጣጠር የሚችለው የቆመበትን ቦታና ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ካሜራ ማስፈለጉ አይቀርም። የዚህ ደብዳቤ ጥያቄ ካሜራውን ተክሎ የሚያሠራው የግል ድርጅት በሚሆንበት ጊዜ ክፍያው በምን ይለካ የሚል ነው።

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት የምትገኘው ባልቲሞር ካሜራዎቿን ለግል ተቋራጭ ሰጥታ በቅጣት ወረቀት ቁጥር ትከፍለው ነበር። ባልቲሞር ሰን የተባለው ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2012 ባካሄደው ምርመራ፣ በቀይ መብራት ቆሞ የነበረ መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚፈቀድበት መንገድ 61 ኪሎ ሜትር ያህል ሲበር ተገኘ ተብሎ ባለቤቱ 40 ዶላር መቀጣቱን ይፋ አደረገ። ስህተቱን ለማወቅ ረቂቅ ስሌት አያስፈልግም ነበር፤ ካሜራው ሰዓት የታተመባቸውን ሁለት ፎቶዎች በተከታታይ ስለሚያነሳ፣ መኪናው በመካከላቸው የተጓዘው ርቀት ለወሰደበት ጊዜ ሲካፈል ፍጥነቱ ይታወቃል፤ በእነዚያ ፎቶዎች ላይ ግን መኪናው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ይበልጥ የሚያሳስበው፣ በግዛቱ ሕግ መሠረት የቅጣት ወረቀት የሚወጣው ፖሊስ ምስሉን አይቶ በፊርማው ሲያረጋግጥ መሆኑ ነው፤ መርማሪ መሆን የነበረበት ፊርማ እንደ ማኅተም ብቻ አገልግሏል። የከተማዋ የካሜራ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 ቆሞ እንደገና የተጀመረው በ2017 ነው።

ሕጉ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባላስገረመ ነበር። የሜሪላንድ ሕግ ካሜራውን «የሚያንቀሳቅስ» ተቋራጭ በቅጣት ወረቀት ብዛት እንዳይከፈለው አስቀድሞ ይከለክል ነበር፤ ይሁን እንጂ ከተሞቹ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሱት ራሳቸው እንደሆኑ፣ ድርጅቱ ግን አገልግሎት አቅራቢ ብቻ እንደሆነ በመከራከር ክልከላውን በአንዲት ግሥ ትርጉም ባዶ አስቀሩት፤ ቀዳዳውን የሚደፍን ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። 

የመንግሥትን ገቢ በኮንትራት ማሰብሰብ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ የኬላ ቀረጥ በኮንትራት ይሰጥ በነበረበት ዘመን ከነጋዴው አብዝቶ የሚሰበስብ አብዝቶ ያተርፍ ነበር፤ የኬላ መብዛት ንግድን እንደሚያቀጭጭም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጽፈዋል። በአንጻሩ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 በኖርማንዲ የግል ድርጅት ሾፌሮች የራዳር መኪና እንዲነዱ ስትፈቅድ፣ መንገዱንና ሰዓቱን መንግሥት እንዲወስን፣ ክፍያውም ከተያዙት አሽከርካሪዎች ቁጥር ጋር እንዳይገናኝ አድርጋለች፤ ምስሎቹን መርምረው ጥፋቱን የሚያረጋግጡትም በሬን ከተማ ባለው ማዕከል የሚሠሩ ፖሊሶች ናቸው።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ ለካሜራ ጨረታ የሚያወጣ ከሆነ፣ ተቋራጩ በምንም ስም ቢጠራ ክፍያው ካሜራው በትክክል በሠራባቸው ሰዓታት እንዲታሰብ፣ ሁለቱ ፎቶዎች ከነሰዓታቸው ከቅጣት ወረቀቱ ጋር ለአሽከርካሪው እንዲደርሱ፣ ፖሊስ ውድቅ ያደረጋቸው ምስሎች ቁጥርም በየወሩ ይፋ እንዲሆን በአክብሮት ይጠየቃል፤ ወሩን ሙሉ አንድም ምስል ያልጣለ ፖሊስ ምስሎቹን በእርግጥ አይቷቸዋል ብሎ ማመን ያስቸግራልና።