አይፈለጌ መልእክት ሲጸዳ ፍሬው ከገለባው ጋር እንዳይጣል

የአርሶ አደሮች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ከውጭ ገዢዎች ጋር የሚገናኙበት ዋነኛ መንገድ ኢሜይል ነው። ሰሊጥ፣ ቡና ወይም ቦሎቄ የሚፈልግ ገዢ የናሙና ጥያቄውን፣ የዋጋ ድርድሩንና የውል ረቂቁን የሚልከው በዚሁ መንገድ ነው። ወደዚያው ሳጥን ግን ያልተቆረጠ የሎተሪ ዕጣ፣ ያልተጠየቀ ብድርና የማይታወቅ ሸቀጥ ማስታወቂያም ይጎርፋል። የኢሜይል አገልግሎቱ ይህን ሁሉ እየለየ “አይፈለጌ መልእክት” ወደሚባለው አቃፊ ይጥላል። የገዢው ደብዳቤ በስህተት እዚያ ቢወድቅና አቃፊው ማንም ሳያየው ቢጸዳ ግን የጠፋው አንድ ደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ የአባል አርሶ አደሮች ገበያም አብሮ ይጠፋል። አርሶ አደሩ ደግሞ ገበያው እንዳመለጠው እንኳ አያውቅም።

ችግሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ በግንቦት 1978 አንድ የአሜሪካ ኮምፒውተር አምራች ኩባንያ የሽያጭ ባለሙያ፣ የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው አርፓኔት በተባለው መረብ ላይ ለነበሩ 400 ያህል ተጠቃሚዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። ይህም በታሪክ የመጀመሪያው አይፈለጌ ኢሜይል ተደርጎ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ ችግሩ እየተባባሰ የሄደበት ምክንያት ግልጽ ነው። በወረቀት ደብዳቤ ዘመን ላኪው ለእያንዳንዱ ፖስታ ቴምብር ይገዛ ነበር። በኢሜይል ግን ለአንድ ሰውም ሆነ ለሚሊዮን ሰው የሚላከው ወጪ እምብዛም አይለያይም። ከሚሊዮኑ ጥቂቶች ብቻ ቢታለሉ እንኳ ላኪው ያተርፋል። ድካሙና ጊዜው የሚባክነው በተቀባዩ ላይ ነው።

ማጣሪያዎች የመጡት ለዚህ መልስ ሆነው ነው። እ.ኤ.አ በ2002 ፖል ግራሃም የተባለው አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ፣ በደብዳቤ ውስጥ ያሉ ቃላት በአይፈለጌና በተፈላጊ መልእክቶች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኙ በመቁጠር ዕድሉን የማስላት ዘዴን በስፋት አስተዋወቀ። ስፓምአሳሲን የተባለው በነጻ የሚገኝ ማጣሪያ ይህን ዘዴ ከሌሎች ብዙ ምልክቶች ጋር አዳምሮ ለእያንዳንዱ መልእክት ነጥብ ይሰጣል። በተለመደው አሠራሩ 5 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ መልእክት አይፈለጌ ተብሎ ይፈረጃል። ቃላትን የመቁጠሩ ክፍል ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ቢያንስ 200 አይፈለጌና 200 ተፈላጊ መልእክቶችን ካየ በኋላ ነው። ማጣሪያው የሚያውቀው የተማረውን ብቻ ነው ማለት ነው። በዩኒየኑ የተለመዱትን የደብዳቤ ዓይነቶች ያልተማረ ማጣሪያ፣ ከአዲስ ገዢ የመጣን እውነተኛ ጥያቄ እንደ እንግዳ ቢጠራጠረው አያስደንቅም።

አቃፊውን ዕለት ዕለት የሚያይ ሠራተኛ መመደብ አንዱ መፍትሔ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ የማይረቡ ደብዳቤዎችን ማገላበጥ ግን ያሰለቻል፤ የሰለቸ ዓይን ደግሞ ይስታል። የራሳቸው የኢሜይል ሰርቨር ያላቸው ድርጅቶች ባለሙያዎች ሼል ስክሪፕት ወደሚባለው ዘዴ የሚያዘነብሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሼል ማለት ተጠቃሚው ለኮምፒውተሩ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሰጥበት ፕሮግራም ነው። ሼል ስክሪፕት ደግሞ እነዚያን ትእዛዞች በቅደም ተከተል የያዘ ተራ የጽሑፍ ሰነድ ነው። ባሽ የተባለው ታዋቂ ሼል እ.ኤ.አ ከ1989 ጀምሮ በነጻ ይገኛል፤ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች አብዛኛውን ጊዜ ይዘውት ይመጣሉ። በመሆኑም ዘዴው ከገንዘብ ይልቅ ዕውቀት የሚጠይቅ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ብዙ ሰርቨሮች እያንዳንዱን ደብዳቤ እንደ አንድ ፋይል አድርገው ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ስክሪፕቱ አቃፊውን ከፍቶ የእያንዳንዱን ደብዳቤ ላኪና ርእስ በአንድ ገጽ ዘርዝሮ ለኃላፊው ማቅረብ ይችላል። እንደ “ናሙና”፣ “ውል” እና “ጨረታ” ያሉ ቃላት ያሉባቸውን ደብዳቤዎች ለይቶ ከላይ ያስቀምጣል። ሰው አይቶ የፈረደባቸውን ደብዳቤዎች ለማጣሪያው መልሶ በማሳየት ያስተምረዋል። ዕድሜያቸው ከ30 ቀን ያለፈውንም ያነሳል። ክሮን የተባለው የሰዓት ጠባቂ ፕሮግራም ይህን ሁሉ ማንም ሳያዘው በየሌሊቱ እንዲከናወን ያደርጋል። ጠዋት ቢሮ የሚገባው ሠራተኛ የሚጠብቀው ሙሉ አቃፊ ሳይሆን በደቂቃዎች የሚነበብ አንድ ገጽ ይሆናል።

ይሁን እንጂ የዘዴው ጥንካሬ የአደጋውም ምንጭ ነው። ስክሪፕት የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ አያመዛዝንም። በሼል ትእዛዝ የተሰረዘ ፋይል በተለመደው አሠራር ወደ ቆሻሻ ቅርጫት አይሄድም፤ በቀላሉም አይመለስም። የአቃፊው ስም መግባት ያለበት ቦታ በስህተት ባዶ ቢቀር ትእዛዙ ያልታሰበ ቦታ ሊያጸዳ ይችላል። እ.ኤ.አ በ2015 አንድ የታወቀ የኮምፒውተር ጨዋታ ማሰራጫ ፕሮግራም በዚህ ዓይነት ስህተት የሊኑክስ ተጠቃሚዎችን የግል ፋይሎች ጠርጎ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ስክሪፕቱ መጀመሪያ እንዲዘረዝር ብቻ፣ ቀጥሎ ወደ መጠባበቂያ አቃፊ እንዲያዛውር፣ በመጨረሻም ሰው ካየው በኋላ ብቻ እንዲሰርዝ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ስጋት በተቃራኒው በኩል ያለ ነው። “ከምናውቀው ደንበኛ የመጣ ሁሉ ይለፍ” የሚል ትእዛዝ ምቹ ይመስላል። ነገር ግን በደብዳቤ ላይ የሚታየውን የላኪ አድራሻ አስመስሎ መጻፍ አስቸጋሪ አይደለም። አጭበርባሪዎች ነባር ደንበኛን መስለው “የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል” የሚል ደብዳቤ በመላክ ክፍያን ወደ ራሳቸው ያዞራሉ። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ በ2023 ብቻ በዚህ ዓይነት የንግድ ኢሜይል ማጭበርበር 2 ነጥብ 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ኪሳራ ሪፖርት ተደርጎለታል። ጎግል እ.ኤ.አ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በቀን ከ5 ሺህ በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል የሚልኩ ሁሉ ማንነታቸውን በቴክኒክ እንዲያረጋግጡ ያስገደደውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ ማየት ያለበት ስሙን ብቻ ሳይሆን ማረጋገጫውንም ነው። የሒሳብ ቁጥር ለውጥ ሲመጣ ደግሞ ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ደውሎ ማጣራት የማንኛውም ማሽን ምትክ የሌለው ሥራ ነው።

ነጻ ጂሜይል የሚጠቀሙ ጽሕፈት ቤቶች ስክሪፕት መጻፍ አያስፈልጋቸውም። ማወቅ ያለባቸው ግን አይፈለጌ ተብሎ የተለየ መልእክት በ30 ቀን ውስጥ በራሱ እንደሚሰረዝ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን አቃፊውን ማየት፣ በስህተት የወደቀውን “አይፈለጌ አይደለም” ብሎ መመለስ፣ ለዋና ዋና ደንበኞችም ደብዳቤያቸው ወደዚያ እንዳይሄድ ደንብ ማበጀት በቂ ጅምር ነው።

ሕጉም ጉዳዩን ችላ አላለውም። በ2008 ዓ.ም የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ በማሰብ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚሰበስቡ አካላት እንዳሻቸው እንዳይጠቀሙበት ይገድባል። ሆኖም አብዛኛው አይፈለጌ መልእክት ድንበር ተሻግሮ የሚመጣ በመሆኑ የአገር ውስጥ ሕግ ብቻውን ሳጥኑን አያጸዳውም።

ኢሜይል የሌለው አርሶ አደርም ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። ያው ማታለያ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ወደ እጅ ስልኩ ይመጣል፤ “ሽልማት ደርሶዎታል” ወይም “በስህተት ብር ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ” ይላል። በስልክ ላይ ማጣሪያው ባለቤቱ ራሱ ነው። የምስጢር ቁጥርን ለማንም አለመስጠት፣ ገንዘብ ከመመለስ በፊት ቀሪ ሒሳብን ማየት፣ በተጠራጠሩ ጊዜም በአቅራቢያ የሚታመን ሰው ማማከር ከብዙ ኪሳራ ይጠብቃል።

የዩኒየን አባላትም በጠቅላላ ጉባኤያቸው ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። የማኅበራችንን ኢሜይል የሚያየው ማን ነው? አይፈለጌ የተባለውን አቃፊስ በመጨረሻ ያየው መቼ ነው? ለመጋዘኑ ጥበቃ የሚመድብ ማኅበር፣ የገዢ ጥያቄ ለሚገባበት ሳጥንም ተጠያቂ ሰው ሊመድብለት ይገባል። ስክሪፕቱ ሥራውን ያቀልለታል፤ ከመሰረዙ በፊት የሚፈርደው ግን ሰው መሆን አለበት።