የእናት ሥራ

ልጆች ሆይ፥ ብዙ ሰዎች ስለ እናታቸው ሲጠየቁ፥ «እናቴ ሥራ የላትም፤ ቤት ነው የምትውለው» ብለው ይመልሳሉ። ይህ አነጋገር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። ከፀሐይ በፊት ተነሥታ፥ የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ የምትተኛ ሴት ሥራ የላትም ከተባለ፥ እንግዲያ ሥራ ያለው ማን ነው?

ይህ ስሕተት ከየት እንደ መጣ እንመርምር። አናጢ በር ሠርቶ ቢሄድ፥ በሩ ብዙ ዘመን ቆሞ ይታያል። ግንበኛም የካበው ግንብ ከእርሱ ዕድሜ በኋላ ይኖራል። የእናት ሥራ ግን በዕለቱ ያልቃል። እስቲ እንጀራን ተመልከቱ። አስቀድሞ ጤፉ ይበጠራል፤ ቀጥሎ ይፈጫል፤ ዱቄቱም ከእርሾ ጋራ ይቦካል። ሊጡ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ እናት አብሲት ትጥልበታለች፤ ኩፍ ሲልም እሳት አንድዳ፥ ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሳ፥ በጢስ መካከል ቁጭ ብላ ትጋግራለች። ልጆች ግን መሶቡን ከፍተው በጥቂት ደቂቃ ይጨርሱታል። ማታ መሶቡ ባዶ ነው። የብዙ ቀን ድካም ምልክቱ እንኳ አይታይም። የጠራችው ቤት ነገ ይቆሽሻል፤ ያጠበችው ልብስ ነገ ያድፋል። ስለዚህ ሰው የእናትን ሥራ የሚያየው ተሠርቶ ሳይሆን ቀርቶ ሲያገኘው ነው። እሳት የነደደበትን ቀን የሚቈጥር የለም፤ እሳት ያልነደደበትን ቀን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ታዲያ ያ ሁሉ ሥራ ወዴት ሄደ? ጠፍቶ አይደለም፤ በልጆቿ አጥንትና ጉልበት ውስጥ አለ። አናጢው ሥራውን በእንጨት ላይ ያኖራል፤ እናት ግን በሰው ውስጥ ታኖራለች።

ይህን ነገር በግልጥ ለማየት የአንዲት የታወቁ ኢትዮጵያዊት እናት ሕይወት እንመልከት። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1928 ዓመተ ምሕረት በሰሜን ሸዋ ተወለዱ። አባታቸው በጣልያን ጦርነት ሲሞቱ እርሳቸው ገና ሕፃን ነበሩ። በልጅነታቸውም ያለ ፈቃዳቸው ተድረው ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ሸሽተው ወደ አዲስ አበባ መጡና በዚያ ኖሩ።

በ1970ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፥ በወሎ ወደምትገኘው ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። በዚያን ጊዜ በአገሩ ረኃብ ነበረ። በመንገዳቸውም እናቷ የሞተችባትን ሕፃን አገኙ፤ አይተውም ማለፍ አልቻሉም። እርሷንና ሌላ ወላጅ የሌለውን ልጅ ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አንድ ዓመት ሳይሞላም በቤታቸው የተሰበሰቡት ልጆች 21 ሆኑ። ስለ ልጆቹም በቤት ውስጥ አለመስማማት በተነሣ ጊዜ፥ ወይዘሮ አበበች የተመቸ ኑሮአቸውን ትተው ከልጆቹ ጋራ ወጡ፤ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥም ያሳድጓቸው ጀመር። ከዚያ ትንሽ መጀመሪያ በስማቸው የተጠራ ታላቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተነሣ፤ ብዙ ሕፃናትም በእርሱ አድገው ለወግ ለማዕርግ በቁ። እርሳቸውም ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓመተ ምሕረት በ85 ዓመታቸው ሲያርፉ፥ እናታችን ብሎ ያለቀሰላቸው ሰው ብዙ ነበር።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፥ «እርሳቸው ታላቅ ሰው ነበሩ፤ የእኔ እናት ግን ያሳደገችው እኛን ብቻ ነው» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የባዕድ ልጅ ማሳደግ የበለጠ ምሕረት ነው። ነገር ግን ወይዘሮ አበበች በየቀኑ የሠሩት ሥራ ምን ነበር? የተራበውን ማብላት፥ የታረዘውን ማልበስ፥ የታመመውን ማስታመም፥ የሚያለቅሰውን ማባበል ነበረ። ይህ በየቤታችሁ ሲሠራ የምታዩት ሥራ ነው። ለባዕድ ልጅ ሲሠራ የሚመሰገን ሥራ፥ ለገዛ ልጅ ሲሠራ ከንቱ ሊሆን አይችልም። በወሎ መንገድ ላይ የተገኘችው ሕፃን የጎደላት ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ የጎደላት እናት ነበረች።

አንዲት እናት ሸምግላ ስትሞት ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይተከላል፤ በ40ኛው ቀንም ተዝካር ይወጣል። ይህ የአባቶቻችን ልማድ መልካም ነው፤ ሟቿ ትታሰብበታለች፥ ድኻም ይጠግብበታል። ነገር ግን በሕይወት ሳለች አንድ ማድጋ ውኃ ያልቀዳላት ልጅ፥ ከሞተች በኋላ ሰንጋ ቢያርድላት ምን ይጠቅማታል? ልቅሶውን አትሰማውም፤ ምስጋናውንም አትሰማውም። እንግዲህ እናትን ማሰብ የሚጀመረው በሕይወት ሳለች ነው እላለሁ።

ይህም የሚሆነው እንዲህ ነው። አስቀድማችሁ ሥራዋን በእጃችሁ ሞክሩ። ወንድ ልጅም ቢሆን ውኃ ይቅዳ፥ ቤት ይጥረግ፥ እሳት ያንድድ። ሥራን የማያውቅ ሰው ሠራተኛን ማመስገን አያውቅም። ቀጥሎ ከማዕድ ስትነሡ ዝም ብላችሁ አትሂዱ፤ «እጅሽን ይባርከው» በሏት። ይህ ቃል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድካም ግን ያስረሳል።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ይህ ነው። ከሴት አያቶቻችሁ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ፊደል የሚያስቈጥራቸው አላገኙም። ስለዚህ የሕይወታቸው ታሪክ የተጻፈበት መጽሐፍ የለም፤ ያለው በልባቸው ብቻ ነው። እነርሱ ሲሞቱ አብሮ ይቀበራል። እናንተ ግን ዛሬ ማንበብና መጻፍ ትማራላችሁ። ዛሬ ማታ በእሳቱ ዳር ወይም በመብራቱ ሥር ከአያታችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ ጠይቋቸው፦ ፈትል መፍተል ማን አስተማረዎ? በ1977 ዓመተ ምሕረት በአገራችን ረኃብ በሆነ ጊዜ ቤተ ሰቡን እንዴት አደረጉት? ከወለዷቸው ልጆች ስንቱን ቀበሩ? የነገሯችሁንም በደብተራችሁ ጻፉት፤ ጽፋችሁም አንብቡላቸው።

በእንጀራ ያሳደጉን እናቶቻችን እንጀራቸው ተበልቶ አለቀ። ስማቸውንና ሥራቸውን ግን፥ የተማረ ልጅ በጽሕፈት ሊያቈየው ይችላል። ፊደል የቈጠረ ልጅ ከሌላው በፊት ለእናቱ ይጻፍ።