መርከብ ቢሰምጥ ለማን ይደወላል?

ባለፈው እሑድ የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጄ ውኃ የሞላ ሳፋ ፊት ቁጭ ብላ፣ የእናቷን አሮጌ ስልክ በላስቲክ ጠቅልላ ልትነክረው ስትል ደረስኩባት። «አባባ፣ መርከብ ቢሰምጥ ውስጡ ያሉት ሰዎች ለማን ይደውላሉ?» አለችኝ። ስልኩን ቀምቼ ኪሴ ከተትኩት። ጥያቄዋ ግን እንደ ስልኩ ኪስ የሚገባ አልሆነም።

የስልክ ሞገድ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ብዙም ሳይርቅ ይጠፋል። እዚያ ሩቅ የሚሄደው ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 ኮላዶን የተባለው የስዊዘርላንድ ሊቅና ባልደረባው በጄኔቫ ሐይቅ ላይ በሁለት ጀልባ ተራርቀው ነበር የሞከሩት፤ በአንደኛው ጀልባ በኩል ውኃ ውስጥ የተንጠለጠለ ደወል ሲመታ፣ በሌላኛው ረጅም ቱቦ ተነክሮ ይደመጣል። ድምፁ በሰከንድ 1,435 ሜትር ያህል ተጓዘ፤ በአየር ከሚጓዘው ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ዛሬ በደወሉ ቦታ በድምፅ መልእክት የሚለዋወጡ መሣሪያዎች ገብተዋል። በጣሊያን ላ ስፔዚያ ያለው የኔቶ የባሕር ምርምር ማዕከል እነዚህን መሣሪያዎች ባሕር ወለል ላይ አስቀምጦ ይፈትናል፤ ከተላከው መልእክት ስንቱ እንደደረሰ፣ ስንቱ መንገድ ላይ እንደቀረ ይቆጠራል። ባሕሩ ያስቸግራል። አንዱ ድምፅ ከላይም ከታችም እየነጠረ ደጋግሞ ይደርሳል፤ በበጋ የሞቀው የላይኛው ውኃ ድምፁን ወደ ታች ያጎብጠዋል፤ የመርከብ ሞተር ደግሞ ይጮህበታል። ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰው ብትጠሩ ምላሹ እስኪመጣ አራት ሰከንድ ያልፋል።

ገጠር ያደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ከሸንተረር ማዶ ያለን ሰው ስንጠራ ቃሉን እየጎተትን፣ ገደል ማሚቶው እስኪያልፍ ዝም እያልን ነበር። መሣሪያዎቹም የሚያደርጉት ከዚህ ብዙም አይለይም።

ሌላው ችግር እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱን ቋንቋ ለመሣሪያው ማስተማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ኔቶ ጃኑስ የተባለውን የጋራ ቋንቋ አጸደቀ። ፍጥነቱ በሰከንድ 80 ቢት ገደማ ነው፤ ከአሥር የላቲን ፊደል አይበልጥም። ለቪዲዮ አይሆንም፤ «እዚህ ነን፣ አየር እያለቀብን ነው» ለማለት ግን ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ኩርስክ የተባለው የሩሲያ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ሲሰምጥ ከ118ቱ ሰዎች 23ቱ ከፍንዳታው ተርፈው ለሰዓታት በኋለኛው ክፍል ቆይተው ነበር። አንድም አልዳነ። ይህን ለሕፃን መንገር ይገባ እንደሆነ ገና ከራሴ ጋር እየተሟገትኩ ሳለ፣ «ድምፅ ያሰማሉ» ብቻ አልኳት።

«የሚሰማቸው ባይኖርስ?»

«የሚሰማ እንዲኖር ነው ሰዎች ባሕር ላይ ሲሞክሩ የሚውሉት» አልኳት።

ከዚያ ሁለት ማንኪያ አመጣን። ጆሮዋን ከሳፋው ጎን ለጠፈች፤ እኔ ውኃው ውስጥ ማንኪያዎቹን አጋጨሁ። ዓይኗ ፈጠጠ። እናንተም ሞክሩት፤ ልጅን ግን ከውኃ ጋር ብቻውን አትተዉ። ሦስት ጊዜ ሲመታ «አለሁ» ማለት እንዲሆን ተስማማን። ማታ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ከግድግዳው ማዶ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ሲል ሰማሁ። ተነሥቼ መለስኩላት።