የድጎማው ዝርዝር በመጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ

በጎጃም መንገድ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በሰኔ ጫንጮ የደረሰ ሰው፣ ውሃ ያቆረውን የሱሉልታ ሜዳ ያያል። ሣሩ ገና አጭር ነው፤ እርሻው ግን ጊዜ አይሰጥም። በዚህ ወር ገበሬውን እንቅልፍ የሚነሳው ማዳበሪያ ነው። ኤን ፒ ኤስ የተባለው ማዳበሪያ ዳፕን ከተካ ዓመታት ቢያልፉም ብዙው ሰው ዛሬም «ዳፕ መጣ ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

የሚጠብቀው 50 ኪሎ ጆንያ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ በኅብረት ሥራ ዩኒየን በኩል አልፎ ነው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን የሚገባው። መንግሥት በ1980ዎቹ መጨረሻ የማዳበሪያ ድጎማን አንስቶ ነበር። የዩክሬን ጦርነት ዋጋውን ሲያንረው ግን በ2014 ዓ.ም. 15 ቢሊዮን ብር መድቦ ወደ ድጎማ ተመለሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ያለ ድጎማ ማዳበሪያ መግዛት ለአነስተኛ ገበሬ የማይታሰብ ሆነ።

ስለዚህ ድጎማው ይቅር አልልም። የምለው ድጎማው ይታይ ነው። ጆንያው የሚሸጥበትን ዋጋ ገበሬው ሁሉ ያውቃል። መንግሥት በእያንዳንዱ ጆንያ ላይ ስንት ብር እንደጨመረ፣ ለማን ስንት ኩንታል እንደተሰጠ ግን ማን ይነግረዋል?

ጥያቄው ጫንጮ አካባቢ ይበልጥ ይከብዳል። የገበሬው ፍላጎት በቀበሌ የሚመዘገበው ክረምቱ ከመግባቱ ወራት ቀደም ብሎ፣ በይዞታ ልክ ነው። ታዲያ የራሱ መሬት የሌለው፣ የሰው ማሳ በእኩል የሚያርሰው ወጣት በማን ስም ይወስዳል? ከተማው እየሰፋ ማሳውን የወሰደበት ገበሬ ስም ከዝርዝሩ ወጥቷል ወይስ ሌላ ሰው ይወስድበታል? ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ ይህ ጥያቄ የዙሪያው ሁሉ ነው። መልሱ ተደብቆ ከቆየ ሐሜት ቦታውን ይይዛል፤ በሐቅ የሚሠራው የማኅበሩ ገንዘብ ያዥም ከሌባው እኩል ይታማል።

ሌላው ዓለም ይህን ሞክሮታል። በአሜሪካ ኢንቫይሮንመንታል ወርኪንግ ግሩፕ የተባለ ድርጅት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከፈለውን የእርሻ ድጎማ፣ በየካውንቲው ማን ስንት እንደተቀበለ ለሕዝብ አውጥቷል። በአውሮፓ ኅብረት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የግለሰቦችን ስም ሁሉ ያለ ልዩነት ማውጣት የግል ሕይወትን ይነካል ተብሎ ተወስኗል። ኅብረቱ ማሳወቁን አልተወም፤ በኋላ ባወጣው ደንብ ከ1,250 ዩሮ ያልበለጠ የተቀበሉትን አነስተኛ ገበሬዎች ስም አስቀርቶ የሌሎቹን ማውጣቱን ቀጠለ።

እኛም ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ በመንግሥት እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ስለዚህ የማንም ስልክና የባንክ ሒሳብ ይለጠፍ አልልም። ስም፣ የኩንታል ብዛትና የተከፈለ ዋጋ ይበቃል። ወረቀቱን ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ በአፋን ኦሮሞ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ።

ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርሟል። ተስፋዬ ነው። ነገር ግን ፋብሪካው ማዳበሪያ ያመርታል እንጂ ፍትሐዊ ክፍፍልን አያመርትም። የቀበሌና የማኅበር መሪዎች ሆይ፣ ለዚህ በጀት አያስፈልጋችሁም፤ አንድ ወረቀትና አራት ምስማር ይበቃችኋል። ዝርዝሩን ማከፋፈሉ ከመጀመሩ በፊት ለጥፉት። ማዳበሪያው አልቆ፣ ዘሩ መሬት ከገባ በኋላ ቢለጠፍ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።