ጋሸና መገንጠያ ብቻ አይደለችም

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ የሰማሁት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። መምህራችን ስለ ወይን ጠጅ ቱሪዝም ሲያስተምሩን ዳይደስሃይም የምትባል የጀርመን ገጠር ከተማ ፎቶ አሳዩን። በወይን ማሳ የተከበበች፣ ሕዝቧ አራት ሺህ የማይሞላ ትንሽ ከተማ ናት። የጀርመን መራኄ መንግሥት የነበሩት ሄልሙት ኮል የውጭ እንግዶቻቸውን እየወሰዱ የሚጋብዙት እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ማርጋሬት ታቸርን ወስደው በአሳማ ጨጓራ ተሞልቶ የሚበስል የገበሬ ምግብ አቅርበውላቸዋል። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሲበርድ ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛችን «እኛ እኮ እንዲህ ያለ ከተማ የለንም» አለ። ማንም አልተቃወመውም። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም በዚያች ደቂቃ ትዝ ያለችኝ ጋሸና ነበረች።

ጋሸና ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታወሰን ከሁለት አንዱ ነው። ወይ መገንጠያ፣ ወይ ግንባር። መገንጠያነቷ ግልጽ ነው። ከወልዲያ ወደ ወረታ የሚዘልቀው፣ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት መንገድ ዋድላ ደጋ ላይ ሲደርስ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ሰሜን ይገነጠላል። እሱን ይዘው 64 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ ላሊበላ ይገባሉ። ግንባርነቷን ደግሞ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 የመጀመሪያ ወራት ከዜና ሰምተናል። «ጋሸና ግንባር» ሲባል እየሰማን የከረምን ሰዎች፣ እዚያ ጠላ የሚጠመቅበት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ከተማ መኖሩን ረስተን ነበር ብል ማጋነን አይደለም። እኔ በበኩሌ ረስቼ ነበር።

ያስታወሰኝ የፈነዳ ጎማ ነው። በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን፣ ገናን ላሊበላ ለማክበር አራት ጓደኛሞች ከወልዲያ በሚኒባስ ተሳፈርን። ድልብን አልፈን፣ ዳገቱን ወጥተን፣ ኮንን ተሻግረን ጋሸና ልንደርስ ስንል ጎማው ፈነዳ። ተጠባባቂው ጎማም ከዋናው የባሰ ሆኖ ተገኘ። እንደምንም ተጠግኖ ጋሸና ስንገባ መሽቷል። ሾፌሩ «በሌሊት ወደ ላሊበላ አልነዳም» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። በጣም ተናደድን። እውነቱን ለመናገር ያናደደን ጎማው ሳይሆን ጋሸና ማደራችን ነው። «ምን አለና ነው እዚህ የሚታደረው?» ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ከተማዋ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። የታኅሣሥ ብርዷን የቀመሰ ያውቀዋል። አልጋ ቤቶቹ በሙሉ ተይዘዋል። መንገድ ዳር ጋቢ የለበሱ፣ በትር የያዙ፣ ከሩቅ አገር በእግራቸው የመጡ ምእመናን እሳት ከበው ይሞቃሉ። ወዲያ ወዲህ ስንል አንድ ደጃፍ ላይ እንጨት ተተክሎ በጫፉ ጣሳ ተደፍቶበት አየን። ይህ ምልክት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ገባን።

ባለቤቲቱ የእናቶቻችን እኩያ ናቸው። «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ። በሩን መልሱት፣ ብርዱ ይገባል» አሉን። የቆርቆሮው በር ሁለት ቦታ ተበስቷል። ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፏል። ምን እንደበሳው አልጠየቅንም፤ እሳቸውም አልነገሩንም። ጾም ስለነበር የባቄላ ንፍሮና ሽሮ ቀረበልን፤ ከዚያ ጠላው መጣ።

ስለ ጠላው ትንሽ ልበል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ጠላ ማለት ለእኔ የሠርግና የበዓል ነገር ነበር፤ እሱንም ከፕላስቲክ ጆግ የሚቀዳ። የጋሸናው የደጋ ገብስ ጠላ ነው። ጋኑን በወይራ ጭስ ያጥኑታል፤ ጭሱ ከመጠጡ ጋር ይመጣል። ጌሾው ከወይና ደጋ ተገዝቶ ይመጣና ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ይጨመራል፤ ገብሱ ታምሶና ተፈጭቶ እንኩሮ ሆኖ ይገባበታል፤ ከዚያ ድፍድፉ ቀን ቆጥሮ ይጠለላል። እትዬ ይህን ሁሉ ሲያስረዱን አንድም ጊዜ አላቋረጥናቸውም። ክፍል ውስጥ ለአንድ መምህር እንደዚያ ጸጥ ብለን ሰምተን አናውቅም። መጀመሪያ የሚጠለለው ወፍራም ነው፤ በውሃ ላይ ውሃ እየተጨመረ መጨረሻ የሚወጣው ቅራሪ ልጆችም የሚጠጡት ነው። አተላው ለላም ይሆናል። የሚጣል ነገር የለም።

«እትዬ፣ ገበያ እንዴት ነው?» አልናቸው።

«ገበያማ ለገና ነው። ከዚያ ወዲያ ላሊበላ የሚሄደው ሁሉ ያልፋል። እዚህ የሚያድር መኪና የተበላሸበት ነው» አሉን። ሳቅን፤ ምን እናድርግ፣ መኪና የተበላሸብን እኛው ነን።

«ጠጅስ አይጥሉም?»

«ማሩ ከላስታ ነው፣ ውድ ነው። ለማን ልጣለው? ጠጅ የሚፈልገው እንግዳ ላሊበላ ደርሶ ነው የሚጠጣው።»

አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ምእመን ማር ሲነሣ ጊዜ ወሬውን ተቀበሉ። ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች እንደከበቡት፣ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን አወቁ ብላ ስሙን እንዳወጣችለት፣ ሁላችንም ያወቅነውን ትውፊት እንደ አዲስ ነገሩን። ቀጥለውም ስለ ብልባላ ጊዮርጊስ አወሩን። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ ንቦች ይኖራሉ፤ ማሩም ለበሽተኛ ፈውስ ነው ተብሎ ይታመናል። እኔ የምለው፣ የንጉሡ ስም ራሱ ከንብ ተነሣ በሚባልበት አገር የማር ወይን የሚሸጥ እንግዳ ማጣቱ አይገርማችሁም?

እንግዲህ የመምህራችንን ፎቶ ካየሁ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ ጀርመን የወይን አገር ያገኘሁትን አነበብኩ። ካነበብኩት ሁሉ ያስደነቀኝ መጥረጊያ ነው! በጀርመን የወይን ገበሬ የገዛ ወይኑን በገዛ ቤቱ ወይም በግቢው ለእንግዳ መሸጥ ይችላል። ሙሉ የመጠጥ ቤት ፈቃድ አይጠየቅም። ገደብ ግን አለው፦ በዓመት ከአራት ወር አይበልጥም፣ መቀመጫው ከ40 አይበልጥም፣ የሚቀርበው ምግብ ቀለል ያለ መሆን አለበት፣ ወይኑም የራሱ መሆን አለበት። ቤቱ ክፍት መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ፣ እንደ አካባቢው፣ በር ላይ በሚሰቀል መጥረጊያ ወይም በአንድ እቅፍ ቅጠል ነው። እኛ ጣሳ እንደፋለን፣ እነሱ መጥረጊያ ይሰቅላሉ። ልዩነቱ የእነሱን መጥረጊያ ሕግ አውቆታል፣ የቱሪዝም መጽሐፍም ጽፎታል። የእኛን ጣሳ ግን በሦስት ዓመት ትምህርቴ አንድም ሀንድአውት ላይ አላየሁትም።

ሁለተኛው ነገር መንገድ ነው። ዳይደስሃይም ያለችበት «የጀርመን የወይን መንገድ» ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን ዓላማው ገበያ ያጣውን ወይን ለመሸጥ ነበር። መነሻው ንጹሕ እንዳልሆነም መናገር ይገባል፦ የናዚዎች ዘመን ነው፤ በወይን ንግዱ ላይ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው አይሁድ ነጋዴዎች ከሥራቸው እየተባረሩ ነበር። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ለእኔ ትምህርት የሆነኝ ሐሳቡ ነው። የመንደሮቹን መንገድ ስም ሰጡት፤ መነሻና መድረሻ አበጁለት፤ እንግዳውም ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው እየቀመሰ እንዲሄድ ጋበዙት። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ራሱ የሚጎበኝ ነገር ሆነ። የእኛው ደግሞ 64 ኪሎ ሜትር ነው። በእሱ ላይ የምንሠራው ሥራ ግን አንድ ብቻ ነው፦ ቶሎ ማለፍ።

ይህን ለጓደኞቼ ሳወራ ሁለት ተቃውሞ ገጠመኝ። አንዷ የክፍላችን ልጅ «የእናቶችን ችግር ቱሪዝም ልታደርገው ነው?» አለችኝ። እውነት አላት። ጠላ የሚጠመቀው ብዙ ጊዜ ሌላ መተዳደሪያ በታጣበት ቤት ነው። እትዬም ሴት ልጃቸው ተምራ ከጋን እንድትርቅ እንደሚፈልጉ በዚያው ሌሊት ነግረውናል። ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ እህልን አነሣ። ሰሜን ወሎ የ1977ን ረሃብ ያየ አገር ነው፤ ለምግብ የሚሆን ገብስ ለመጠጥ ይዋል እንዴት ትላለህ አለኝ። ይሄኛው ከበድ ይላል።

ለሁለተኛው መልሴ ማር ነው። ንብ የሰውን እህል አይሻማም፤ ተዳፋቱ ላይ ዛፍና አበባ እንዲኖር ግን ይፈልጋል። ስለዚህ ለእንግዳ የሚቀርበው በዋናነት ጠጅና ብርዝ ይሁን፤ ጠላው እንደ ወትሮው ለቤቱና ለበዓሉ ይኑር፣ እንግዳም ይቅመሰው። ለመጀመሪያዋ ግን ሙሉ መልስ የለኝም። ብቻ አንድ ነገር አስቤያለሁ። እትዬን ያደከማቸው መጥመቁ ሳይሆን የሚከፈላቸው ዋጋ ነው። ያን ሁሉ ሥራ የያዘ መጠጥ ከለስላሳ ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ያውም በዓመት አንድ ሰሞን። እንግዳ ቁጭ ብሎ ታሪኩን ሰምቶ ተገቢውን ቢከፍል፣ ልጅቷ የምትማርበት ገንዘብ ከዚያው ጋን ይወጣል።

ህልም ነው የምትሉ ካላችሁ እዚያው ጎረቤት መቄት የተደረገውን ልጥቀስ። በ1990ዎቹ አጋማሽ «ተስፋ» በሚል ስም የማኅበረሰብ ቱሪዝም ተጀምሮ ነበር። ገበሬዎች እንደ መቋት ማርያም ባሉ ገደል አፋፍ ቦታዎች ጎጆ ሠርተው እንግዳ ተቀበሉ፤ ሻንጣ በአህያ ተጫነ፤ ፈረንጁ ከመንደር መንደር በእግሩ እየሄደ የቤቱን ምግብ በላ፣ ጠላውን ጠጣ። ገቢውን የሚካፈለው ማኅበረሰቡ ነበር። ሆቴል አልተገነባም፣ አስፋልትም አልተነጠፈም። ከዚያ በ2012 ኮሮና መጣ፤ ተከትሎ ጦርነቱ፤ እሱ በረድ ሲል ደግሞ በ2015 ክረምት በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ለዚህ ሁሉ ጠጅም ጠላም መድኃኒት ነው አልልም። መንገድ ሰላም ካልሆነ እንግዳ የለም፣ በቃ።

እዚህ ላይ ግን የእኛ የተማሪዎቹና የመምህራኑ ድርሻ ይመጣል። መንገድ በሰላም በሚያስኬድበት ጊዜስ ምን እናደርግ ነበር? የክፍላችን የትምህርት ጉዞ መርሐ ግብር የድሮውን ፈልጌ አየሁት። ላሊበላ ሁለት ሌሊት ይላል። ጋሸና፦ «ሻይ፣ 15 ደቂቃ»። አሥራ አምስት ደቂቃ! አጼ ቴዎድሮስ እንኳ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ይህን የዋድላን ደጋ በአሥራ አምስት ደቂቃ አላለፉትም። በነገራችን ላይ መድፉን ከሠሩላቸው የጋፋት ባለሙያዎች አብዛኞቹ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ከጀርመን ጋር ዘመድ አጣሁ ያለ ከዚያ መጀመር ይችላል።

በማግሥቱ ጎማው ተስተካክሎ ወደ ላሊበላ ወረድን። ገናውም ቤዛ ኩሉውም እንደሚባለው ነው፤ ብዙ ሰው ስለጻፈው አልደግመውም። ስንመለስ ሾፌሩን ለምነን ጋሸና ላይ አቆምን። ጣሳው ከእንጨቱ ላይ ወርዷል። ጠላው አልቆ ነበር። እትዬ ግን ወጥተው ሳሙን፤ የገብስ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን፤ ገንዘብ ብንሰጣቸው «ምን ቆርጧችሁ!» ብለው ተቆጡ። «ለትንሣኤ ከመጣችሁ ጠጅ እጥልላችኋለሁ» ነበር የመጨረሻ ቃላቸው። ለትንሣኤ አልሄድንም። ፈተና ነበረብን፤ ከዚያም ክረምቱ መጣ።

ለትምህርት ክፍላችን የጉዞ ኮሚቴ በጽሑፍ ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ገጽ ነው። መንገዱ ተከፍቶ ጉዞው ሲቀጥል፣ ከላሊበላው ሁለት ሌሊት አንዱ ወደ ጋሸና ይዛወር፤ ተማሪዎች በሦስት በሦስት ሆነው ጣሳ በተደፋባቸው ቤቶች ይመገቡ፣ የሚገባውን ይክፈሉ፣ የጠላውንና የጠጁን አሠራር ከባለቤቶቹ ቃል ጽፈው ይምጡ። የተጻፈውም በዚሁ ቡለቲን ይውጣ። አንድ የኮሚቴው አባል መምህር «አልጋ ይበቃል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ለገና እንኳ የሚያድረው ሕዝብ ስንት እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ። ይታያል ብለውኛል።