የአያትን በገና ለልጅ ልጅ ማቆየት

በቤታችሁ በገና የሚደረድሩ አያት ወይም ማሲንቆ የሚመቱ አጎት ካሉ፣ ድምፃቸውን ዛሬ ቅረጹ። አረጋውያንን ለዓመታት ሳስታምም እንዳየሁት፣ ጣትም ጉሮሮም ቀጠሮ አያከብሩም።

አብዛኛው የእጅ ስልክ የድምፁን መጠን በራሱ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ከበሮ ሲመታ መዝሙሩ ይዋጣል። እንደ ዙም ኤች 1 ኤን ወይም ታስካም ዲአር 05 ያለ የኪስ መቅረጫ ግን ሁለት ማይክራፎን አለው፤ በትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ዋጋውም ከብዙ ዘመናዊ ስልኮች ያንሳል። ያገለገለ ከሆነ የባትሪ ቤቱ አለመዛጉን እዩ፤ ቀርጻችሁም በጆሮ ማዳመጫ ስሙት።

ራሱ መጠን የሚያስተካክልበትን አጥፉና በእጅ አስተካክሉ። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ይሁን፤ ዜሮ ከነካ ይሰነጠቃል፤ ኋላም አይጠገንም። አቀራረጹን «ዋቭ» አድርጉት። በሲዲ ጥራት 1 ሰዓት 635 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ 16 ጊጋባይት ካርድ ከ20 ሰዓት በላይ ይበቃል።

በገና ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የ10ሩ ጅማቶች ንዝረት ከእንዚራው ጋር እንዲሰማ 1 ሜትር ያህል ቅረቡ። ከበሮ ካለ ግን ራቁ። መቅረጫውን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በታጠፈ ጋቢ ላይ አኑሩት። ማቀዝቀዣውንም ለጊዜው ንቀሉ።

አስቀድማችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ሲጀምሩ ስማቸውን፣ ቀኑንና ዜማውን ማን እንዳስተማራቸው ይናገሩ። ቅጂውንም በዚያው ሳምንት በሁለት የተለያየ ቤት አስቀምጡ።