ቢላዋና ጨረር በአንድ ሰዓት

በራስና በአንገት ላይ የሚነሣው ነቀርሳ (ካንሰር) ሐኪምን የሚያስጨንቅበት ልዩ ምክንያት አለው። ሰው የሚናገርበት፤ የሚውጥበትና የሚተነፍስበት ሁሉ በዚያች ጠባብ ስፍራ ተሰብስቦ ይገኛል። ደምን ወደ አንጎል የሚያወጣው ታላቅ የደም ሥርም በዚያው በአንገት በኩል ያልፋል። ስለዚህ ሐኪሙ እባጩን ሲቈርጥ ዙሪያውን እንደ ልቡ አስፍቶ ለማንሣት አይችልም። በዓይን የማይታይ ቅሬታ ከቀረም በሽታው ያገረሻል።

ይህን ቅሬታ ለማጥፋት የተለመደው መንገድ፤ ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ከውጭ ጨረር መስጠት ነው። የጨረር መጠን የሚለካው በግሬይ ሲሆን፤ ብዙውን ጊዜ በቀን 2 ግሬይ እየተሰጠ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ሙሉ ጨረር የተቀበለ አንገት ያንኑ ያህል ድጋሚ ቢቀበል ቆዳውም አጥንቱም ይጎዳል። እንግዲህ በሽታው ለተመለሰበት ሰው ምን ይደረግለት?

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ፤ በኦፕራሲዮኑ ጊዜ፤ ቁስሉ ሳይሰፋ፤ ጨረሩን በቦታው መስጠት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሮንትገን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ኤክስሬይን ካገኘ በኋላ፤ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሞከሩት ሐኪሞች ነበሩ፤ መሣሪያቸው ግን ደካማ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ዘዴውን በአዲስ መልክ አስነሡት። በ1990ዎቹ መጨረሻም በጎማ ተገፍቶ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚገባ የኤሌክትሮን መሣሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት በብዙ ስፍራ በሽተኛው በማደንዘዣ እንደ ተኛ፤ ቁስሉ እንደ ተሸፈነ፤ ወደ ጨረር ክፍል ይወሰድ ነበር።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሐኪሙ እባጩን ካነሣ በኋላ፤ ቅሬታ ይኖርበታል ብሎ በሚጠረጥረው ስፍራ ላይ ቧንቧ የመሰለ መምሪያ ይተከላል። ጤነኛው ቆዳና ነርቭ ገለል ይደረጋል፤ ገለል ሊል የማይችለውም በእርሳስ ይከለላል። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ ይወጣሉ፤ በሽተኛውንም ከውጭ ሆነው በካሜራ ይጠብቁታል። ከ10 እስከ 20 ግሬይ የሚደርሰው ጨረር በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ኤሌክትሮን ጥቂት ሴንቲሜትር ከገባ በኋላ ኃይሉ ፈጥኖ ስለሚወድቅ፤ ከበስተኋላ ያለው አካል ይተርፋል።

ይህን ስንል ግን ዘዴው ተአምር ነው ማለታችን አይደለም። በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ብዙ ጨረር በየቀኑ ተከፋፍሎ ከሚሰጠው ይልቅ ጤነኛውን አካል ይጎዳል፤ ቁስል አልጠግ ሊል፤ ነርቭ ሊደክም፤ የደም ሥርም ሊፈነዳ ይችላል። ጥቅሙም ጎልቶ የታየው የቀረው ቅሬታ በዓይን የማይታይ ጥቂት ሲሆን ነው፤ ብዙ እባጭ ትቶ የወጣውን ቢላዋ ጨረሩ አይክሰውም። ደግሞም በራስና በአንገት ነቀርሳ ረገድ የታተሙት ዘገባዎች አብዛኛዎቹ የየአንዳንዱ ሆስፒታል የቆዩ መዝገቦች ናቸው እንጂ፤ ሁለት ወገን በዕጣ ተለይቶ የተነጻጸረባቸው ትልልቅ ጥናቶች አይደሉም። ስለዚህ መሣሪያው በደንብ ተመርጠው ለሚቀርቡ ጥቂት በሽተኞች የሚሆን ነው።

ነገ በጤና ጉዳይ ላይ የሚወስኑ ወጣቶች ከዚህ የሚማሩት አለ። በአገራችን በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው የጨረር ሕክምና፤ ከሃያ ዓመት በላይ ለመላው አገር ብቸኛው ሆኖ ቆይቷል፤ በሽተኞችም ተራ ሲጠብቁ በሽታው ይቀድማቸው ነበር። ረቂቁ መሣሪያ የሚያስመሰግን ቢሆንም፤ ተራው የጨረር ሕክምና በጊዜው ለሁሉ ካልደረሰ፤ ጣራ ሳይኖር ጉልላት እንደ መትከል ይሆናል።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን በያንዳንዳችን እጅ ነው። ትምባሆና ብዙ መጠጥ የዚህ በሽታ ዋና ምክንያቶች መሆናቸው ታውቋል። ሦስት ሳምንት አልፎት ያልዳነ የአፍ ቁስል፤ ያልጠራ የድምፅ መጎርነን፤ ወይም የማይጠፋ የአንገት እብጠት ያለበት ሰው ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ለዚህ ነው።